ያዘነበለው ቅኝት

ሠረገላችን ከድልድዩ ሲወርድ የኋላ ጎማው ጉድጓድ ገባና እኔና እሜቴ ግንባር ለግንባር ልንጋጭ ለጥቂት ተረፍን። «ፒያኖው!» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ። እሳቸው በግራ መስኮት፣ እኔ በቀኙ፣ አንገታችንን አስግገን ወደ ኋላ አየን። አራት ፈረሶች የሚጎትቱት ጋሪ በጆንያና በጥጥ የተጠቀለለውን ጥቁር ፒያኖ እንደ ሕመምተኛ እያባበለ ድልድዩን ተሻገረ። ነጂው ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ደህና መሆኑን አሳየን።

«ተመስገን» አሉ እሜቴ ተመልሰው እየተቀመጡ። «ባሕር አቋርጦ በሰላም የመጣ ዕቃ ደጄ ላይ ቢሰበር ኖሮ፣ ነጂውን ሳይሆን አንተን ነበር የማባርረው።»

«እኔ ምን አጠፋሁ እሜቴ?»

«ምንም። ቅርብ የተገኘኸው አንተ ነህ።»

ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ግን ምን እንዳጠፋሁማ አሳምሬ አውቃለሁ። ለዘጠኝ ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ።

አገረ ገዥው ሜዳልያ ካጠለቁላቸው ወዲህ ጋዜጦች እሜቴን «ክብርት እመቤት» እያሉ ይጽፉላቸዋል። የፋብሪካው ሴቶች ግን «እመት ጥጥ» ነው የሚሏቸው፤ እሳቸውም ከሜዳልያው ይልቅ ይህን ይወዱታል። ሜዳልያው መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈበት ወጥቶ አያውቅም። በአሥራ አንድ ዓመታቸው የሽመና መኪና ሥር እየተሽሎኮለኩ የተበጠሰ ክር ይቀጥሉ የነበሩ ናቸው። ጥጥ ነጋዴ አገቡ፤ ነጋዴው አንድ መጋዘንና አርባ አሮጌ መኪና ትቶላቸው ሞተ። ዘመዶቹ ሸጠሽ አርፈሽ ተቀመጪ ቢሏቸው፣ «ማረፉን እሱ ጀምሮታል፣ ለሁለታችን ይበቃል» ብለው መለሱ ይባላል። ዛሬ ሦስት ፋብሪካ አላቸው። በትርፉም ቲያትር ቤት አሠሩ፤ የሥዕል አዳራሽ አሠሩ፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቆሙ። እኔ የዚያ ሁሉ ፒያኖ ቃኚ ነኝ። ጌጣቸው አንድ ግራጫ ካፖርት ብቻ ነው፤ ሃያ ዓመት ስናውቀው እጅጌው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል።

ያን ዕለት የምንሄደው ወደ ትልቁ ፋብሪካቸው ነበር። በማግስቱ ለሠራተኞችና ለልጆቻቸው የሚሆን የሙዚቃ ቤት ይመረቃል። የምረቃውን ኮንሰርት የምታቀርበው ደግሞ የእህቴ ልጅ ናት፤ በውጭ አገር አዳራሾች ስሟ የተጠራ፣ በጠዋቱ ባቡር የምትገባ። አጎት ሊኮራ የሚገባው ቀን ነበር።

እሜቴ የቴሌግራም ወረቀቶቻቸውን አገላብጠው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያቺን የፈታይዋን ልጅ ታስታውሳታለህ? ያኔ ቁጥር አራት የነበረችውን?»

«ምኗን?» አልኩ፣ ጥያቄው ያልገባኝ ለመምሰል።

«ለአዲሱ ቤት አስተማሪ ትሆነኛለች ብዬ ሳስፈልጋት ነበር። የት ብትገኝ ጥሩ ነው? እዚያው የራሴው ፋብሪካ! ሸማኔ ናት። አንተ፣ የዚያን ዕለት ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም እኮ። ስትጀምር እጇ እንዴት ያለ ነበር! ከዚያ ድምፁ እየተንሻፈፈ፣ እየተንሻፈፈ፣ ጥርሴን አፋጨኝ። ፈርታ ይሆን?»

«ይሆናል» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ይሆናል» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሜቴ በየዓመቱ አንድ ልጅ መርጠው በራሳቸው ወጪ ወደ ታላላቆቹ መምህራን ይልካሉ። ለፈተናው የማይነቃነቅ ሕግ አላቸው። ራሳቸው ከእንጨት መከለያ ጀርባ ይቀመጣሉ። ተፈታኞቹ በቁጥር ብቻ ይጠራሉ። ጫማቸውንም ደጅ አውልቀው ይገባሉ፤ ምክንያቱም የደህና ቤት ልጅ ጫማ ወለሉ ላይ ሲረግጥ ይታወቃል። «ከጣትና ከጆሮ በቀር ማንም እዚህ ቤት አይገባም» ይሉ ነበር። ሦስተኛውን ሰው፣ ፒያኖውን የሚቃኘውን፣ ረሱት።

ፒያኖ ውስጥ አሥራ ሁለት ድምፆች ተደጋግመው ይኖራሉ። አሥራ ሁለቱም ፍጹም ንጹሕ ሆነው ሊቃኙ አይችሉም፤ ይህ የእኔ ስንፍና ሳይሆን የድምፅ ተፈጥሮ ነው። ሁልጊዜ ትንሽ ጉድለት ትተርፋለች። ብርድ ልብስ ሲያጥር ራስህን ስትሸፍን እግርህ እንደሚበርደው ማለት ነው። ሐቀኛ ቃኚ ጉድለቷን ለሁሉም እኩል ያካፍላታል፤ ያኔ ማንም አይለያትም። የድሮ ቃኚዎች ግን ነጫጮቹን ቁልፎች አጣፍጠው ጉድለቱን ወደ ጥቁሮቹ ይገፉት ነበር። እንዲያ በተቃኘ ፒያኖ በነጮቹ የሚሄድ ዜማ ማር ማር ይላል። በጥቁሮቹ የሚሄደው ደግሞ ያላዝናል፤ ተጫዋቹ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ያላዝናል።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው የዜማዎቹ ዝርዝር ደረሰኝ። የእህቴ ልጅ ቁጥር ሰባት ነበረች፤ ዜማዋ በነጮቹ የሚሄድ ነው። ቁጥር አራት ያመጣችው ዜማ ከዳር እስከ ዳር በጥቁሮቹ ነበር። ማን እንደሆነች ዝርዝሩ አይናገርም፤ እኔ ግን አወቅኳት። በዚያው ዓመት የፋብሪካውን መጋዘን አሮጌ ፒያኖ በነጻ ቃኝቼ ነበርና። ከነጮቹ ቁልፎች ግማሾቹ የሞቱበት ፒያኖ ነው። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ፀጉሯ ላይ ጥጥ እንደ ተበተነ፣ በሕይወት ባሉት ጥቁሮች የሚሄድ ዜማ ፈልጋ አግኝታ ስትጫወት በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻታለሁ። ያን ቀን ያወቅኩትን ልናገር፦ ከእህቴ ልጅ ትበልጥ ነበር። ትንሽ ሳይሆን ብዙ።

እህቴ ስትሞት «ልጄን አደራ» ብላኛለች። ያቺ ልጅ ከእኔ ሌላ ማንም አልነበራትም። ይህን ለራሴ ስንት ሺህ ጊዜ እንደነገርኩት እንጃ። በፈተናው ዋዜማ ሌሊት ፒያኖውን ወደ ድሮው ቅኝት አዘነበልኩት፤ ውሸት እንኳ አልነበረም፣ የጥንት ሊቃውንት አሠራር ነው አልኩ። በማግስቱ ቁጥር አራት ጀመረች። ከመከለያው ማዶ የእሜቴ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ልጅቷ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆማ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። እጆቿን! ከዚያ እንደምንም ጨርሳ፣ በባዶ እግሯ፣ ድምፅ ሳታሰማ ወጣች።

«ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ» አልኩ ለራሴ ሠረገላው ውስጥ። ወፍጮ ቤቱ አለፈ። «የድንጋይ ማምረቻው ጋ።» እሱም አለፈ። ከዚያ ወዲያ የሚያመካኝ ነገር ስላልነበር ሳል ጀመረኝ ብዬ አፌን በመሐረብ ሸፈንኩ። እሜቴ ከረሜላ ሰጡኝ።

ፋብሪካው ደረስን። እሜቴ ፒያኖው እስኪወርድ እንኳ አልታገሡም፤ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቀጥታ ወደ ሽመናው አዳራሽ ገቡ። በሩ ሲከፈት ጩኸቱ ደረቴን ገፋኝ። ሁለት መቶ የሽመና መኪና ክር የሚያመላልሰውን መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ያላጋዋል፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ አየሩ የጥጥ ብናኝ ነው። የአዳራሹ ካቦ በእሜቴ ጆሮ ላይ ተደፍቶ ይጮኻል፤ አንድም ቃል አይሰማኝም። ሴቶቹ በየመኪናቸው ፊት ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እየዘፈኑ መሰለኝ። በዚህ ሁሉ ጩኸት መሐል መዝፈናቸው ደነቀኝ።

ካቦው በጣቱ ወደ አራተኛው ረድፍ ጠቆመ። ጫፍ ላይ አንዲት ሴት፣ አሁን ሃያ አምስት የሞላት፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ቆማለች። እሜቴ ከካቦው ጋር ወደ ሒሳብ ክፍሉ መስኮት ዞር ሲሉ እኔ እሷን ፊት ለፊት እያየሁ ቀረሁ። መሐላችን አሥር እርምጃ ይሆናል። ቀና ብላ አየችኝ። አወቀችኝ መሰለኝ፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝ። ለእኔ!

ያኔ አንድ ነገር ውስጤ ተቀደደ። ጩኸቱ እንደ ግድግዳ ከቦኛል፤ ማንም አይሰማኝም። ዘጠኝ ዓመት ያነቀኝን ነገር እዚህ ብተፋው ማን ያውቃል? አፌን ሞልቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ፊቷን እያየሁ ተናገርኩ።

«ያጠፋሁሽ እኔ ነኝ። ፒያኖውን ሆን ብዬ አዘንብዬ ቃኘሁብሽ። የእህቴ ልጅ እንድታልፍ። አንቺ ትበልጪ ነበር።»

የራሴ ጆሮ እንኳ አልሰማውም። ግን እንዴት ቀለለኝ! ከትከሻዬ ላይ የሆነ ሸክም የወረደ መሰለኝ። እንደዚህ ያለ ፈሪ ነኝ፤ በማይሰማበት ቦታ ተናዝዤ ተገላገልኩ ብዬ አመንኩ።

ሴትዮዋ እጇን ሰደደችና የመኪናዋን ማቆሚያ ሳበች። መወርወሪያው መሐል ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ እኔን እያየች ከንፈሯን ቀስ ብላ አንቀሳቀሰች። ምን እንዳለች አላወቅኩም። በዙሪያዋ ያሉ ሴቶች ግን አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ገባኝ። እየዘፈኑ አልነበረም። በሽመና መኪና ፊት የዋለ ሰው በዓይኑ ነው የሚሰማው፤ ቀኑን ሙሉ በከንፈር ሲያወሩ ነው የሚውሉት። ዕድሜውን በሙሉ በጆሮ የኖረ እንደ እኔ ያለ ደንቆሮ ይህን ከየት ያውቃል!

እሜቴ ከካቦው ዞረው የሴትዮዋን ከንፈር አዩ። የአሥራ አንድ ዓመቷ ክር ቀጣይ ያኔ የተማረችውን አልረሳችም። ክንዴን ጨምድደው ይዘው ጆሮዬ ላይ ጮኹ፦

«‹ታዲያ ጣቴ አልነበረም?› ትልሃለች! ምን አድርገሃት ነው?»

ሦስታችንም ከአዳራሹ ቀጥሎ ወዳለው የጥጥ መጋዘን ገባን። እሜቴ በሩን ዘጉ። ጩኸቱ ወደ ርቀት ነጎድጓድ ተለወጠ። ከዚያ ተናገርኩ፤ ዝርዝሩን፣ ሌሊቱን፣ የመጋዘኑን ፒያኖ፣ ሁሉንም። ወደ መሬት እያየሁ ስጀምር እሜቴ አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«እያየችህ ተናገር። ጆሮ የላትም። ካቦው አሁን ነው የነገረኝ፤ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው።»

ፊቷን እያየሁ ቀጠልኩ። ስጨርስ እሜቴ አንድ የጥጥ እስር ላይ ተቀመጡ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ዓይኔ እንዳይዋሸኝ ብዬ መከለያ አቆምኩ። አንተ በጆሮዬ በኩል ገባህ።»

«እሜቴ፣ እግርዎ ላይ…»

«ዝም በል። ቀጥሎ የምናገረው አንተን አይመለከትም።» ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። መኪናው ጆሮ እንደሚበላ አውቅ ነበር። እኔ ባል አግብቼ ጆሮዬ ሳይሄድ ወጣሁ። ሁለት መቶ መኪና ስገዛም አውቅ ነበር። በጆሮሽ ከፍዬ ለሌላው ሙዚቃ ገዛሁ።»

ሴትዮዋ ስትናገር ድምፅዋ ከፍ ያለና አንድ ወጥ ነበር፣ ከፍታና ዝቅታ የሌለው።

«አስተማሪ ሊያደርጉኝ ነበር የመጡት? ካቦው ነግሮኛል።»

«አዎ።»

«ምን ላስተምር? ልጆቹ ሲሳሳቱ አልሰማ፣ ሲያገኙት አልሰማ።» ትንሽ ሳቀች፤ ሳቋ ከድምፅዋ ይልቅ ያማል። ከዚያ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው፣ ልክ እንደዚያን ቀን። «እጄ ነው የከዳኝ ብዬ ነበር። ፒያኖ ነክቼ አላውቅም ከዚያ ወዲህ። ጆሮዬ እያለ እንኳ አልነካሁም።»

«የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አልኳት ከንፈሬን እያጎላሁ። «ያለኝን ሁሉ…»

«ያለህን ምን አደርገዋለሁ? እናቴ ጋ ሂድ። አሁን የነገርከኝን ለሷ ንገራት።»

«አንቺ ብትነግሪያት አይሻልም?»

«እኔ ብነግራት እሷን ለማጽናናት የፈጠርኩት ይመስላታል። አንተ በል።»

«እሺ፣ ነገ በጠዋት…»

«አሁን» አሉ እሜቴ። ከጥጡ ላይ ተነሡ። «ስትመለስ ፒያኖውን ትቃኛለህ። እኩል። የእህትህ ልጅ ነገ ትጫወታለች፣ የሷ ጥፋት አይደለም። ግን ፒያኖው ፊት ከመቀመጧ በፊት ታውቃለች፤ የምትነግራትም አንተ ነህ። ከዚያ በኋላ የእኔን ፒያኖዎች አትነካም። ሂድ በል፤ እኔና ይህች ልጅ ገና አልጨረስንም።»

የሠራተኞቹ ቤቶች ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ተደርድረዋል፣ ሁሉም የጡብ፣ ሁሉም ባለ አንድ መስኮት። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል በሩን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ጣቶቻቸው በፈትል የተቆላመሙ ሴት ነበሩ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«አንተ! የመጋዘኑን ፒያኖ በነጻ የቃኘህልን ሰውዬ አይደለህም? ግባ እንጂ፣ ግባ! ውለታህን መቼ ረሳሁት። ልጄ ያኔ እንዴት ደስ ብሏት ነበር።»

ገባሁ። የወንበሩን አቧራ በቀሚሳቸው ጠርገው አስቀመጡኝ። ምድር ብትከፈት እመርጥ ነበር። ክፍሏ ጠባብና ንጹሕ ናት፤ ምድጃው ላይ አንድ የቆርቆሮ ድስት ተጥዷል።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«ትነግረኛለህ፣ ቆይ፤ እሳቱን ላስተካክል። ልጄ ልትመጣ ስለሆነ ውሃዋ ይሙቅላት።» ጎንበስ ብለው እሳቱን ቆሰቆሱ። «አይ ያንተ ነገር፣ ደግሞ ያን ዘመን አስታወስከኝ። ያን የፈተና ቀን ታውቃለህ? የዚያን ዕለት ጠዋት የሰው ልብስ አሳጥቤያት ነበር። ብርድ ነው፣ ውሃው በረዶ ነው። ‹እማዬ እጄ ደነዘዘ› አለችኝ። ‹ቶሎ ጨርሺና ሂጂ› አልኳት። ጣቷ ቀልቶ፣ አልታጠፍ ብሎ ሄደች። ከዚያማ ታውቀዋለህ። ያበላሸሁባት እኔ ነኝ።»

«እናቴ…»

«ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ቀዝቃዛ ውሃ አስነክቻት አላውቅም። ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ ክረምት ከበጋ፣ ፈረቃዋ ሳይደርስ ተነሥቼ ለእጇ ውሃ አሞቅላታለሁ። ማታም ስትመጣ አሞቅላታለሁ። ‹ተዪ እማዬ፣ ድሮ ያለፈ ነገር› ትለኛለች። እንዴት ልተወው?»

«ውሃው አይደለም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ውሃው አልነበረም እናቴ። ጣቷም አልነበረም። እኔ ነኝ።»

ነገርኳቸው። ስለ ጥቁሮቹና ስለ ነጮቹ ቁልፎች፣ ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ እህቴ ልጅ። እንዲገባቸው ሁለት ጊዜ ደገምኩት። የልጃቸው እጅ ማድረቂያ ፎጣ ጭናቸው ላይ ተጣጥፎ፣ ዓይናቸውን ከፊቴ ሳይነቅሉ ሰሙኝ። ቢጮኹብኝ፣ ቢረግሙኝ፣ በሩን ቢያሳዩኝ ደስ ባለኝ። ከፋብሪካው በኩል የፈረቃው ፊሽካ ተሰማ። ከዚያ የሴቶች ኮቴ መንገዱ ላይ እየበዛ መጣ።

እናቷ ተነሡ። ምድጃው አጠገብ ሄደው ድስቱን ከነውሃው አነሡት፤ የት እንደሚያስቀምጡት ግን አላወቁም። እንደያዙት ክፍሉ መሐል ቆመው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ነገ ጠዋት» አሉ፣ «ምን ብዬ ልነሣ?»